ሰኮናውን እዩ

ባሌ ውስጥ ፈረስ የሚገዛ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሮቤ ላይ በአንድ የገበያ ቀን ቆሜ አይቻለሁ፡፡ ሻጩ የዳማ ፈረሱን ጋማ እየዳበሰ፣ ግንባሩ ላይ ያለችውን ነጭ ምልክት እያሳየ ያሞግሳል፡፡ ገዢው ሽማግሌ ግን ለሙገሳው ጆሮ አልሰጡም፡፡ ጎንበስ ብለው የፈረሱን የፊት እግር አነሡ፤ ሰኮናውን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉ፤ ከዚያ ወደ ኋላው እግር ዞሩ፡፡ ጥርሱን አዩ፡፡ ጥቂት አስሄዱት፡፡ በመጨረሻም ቀና ብለው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ «ሜዳ ነው ዳገት የለመደው?» ስለ ቀለሙ አንዲት ቃል አልተነፈሱም፡፡

እዚያው ቆሜ በራሴ ሳቅሁ፡፡ ከዚያ ቀን ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ41 ዓመቴ፣ በሕይወቴ የመጀመሪያ የሆነውን ብስክሌት ስገዛ ለባለ ሱቁ ያቀረብሁት ጥያቄ «ቀዩ ስንት ነው?» የሚል ነበርና፡፡

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የሊቅ ምክር አይደለም፤ የተሳሳተ ሰው ምስክርነት ነው፡፡ በጎልማሳነታቸው ብስክሌት ለመጀመር ላሰቡ፣ በተለይም ቀጭን ጎማና ጎባጣ መሪ ያለው የእሽቅድምድም ብስክሌት ልባቸውን ለሰረቀው ወገኖቼ የተጻፈ ነው፡፡ የምለውም አንድ ነገር ነው፤ ብስክሌት ከመምረጣችሁ በፊት መንገዳችሁን ምረጡ፡፡ መንገዱን ሳያውቅ ብስክሌት የሚገዛ ሰው የሌላ ሰው ሕልም ተሸክሞ ቤቱ ይገባል፡፡

*

ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን ብስክሌት የሚያከራይ ጎረምሳ ነበር፡፡ ሳንቲም ያለው ልጅ አንድ ዙር ይነዳል፤ የሌለው ከኋላ እየሮጠ ይገፋል፡፡ እኔ ከገፊዎቹ ወገን ነበርሁ፡፡ እየገፋሁ አደግሁ፤ ተምሬ መምህር ሆንሁ፤ ጎባ ተመድቤ መጣሁ፤ አገባሁ፤ ወለድሁ፤ ሆዴም ቀስ በቀስ ከቀበቶዬ በላይ ብቅ አለ፡፡ ከዕለታት አንድ ቀን የደም ግፊቴን የለካ ሐኪም መነጽሩን አውልቆ «መምህር፣ እስከ መቼ ተቀምጠው ይኖራሉ?» አለኝ፡፡ ጥያቄው የጤና ብቻ አልመሰለኝም፡፡ ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ሳስበው፣ በዚያ ዕድሜዬ ሁሉ አንድ ጊዜ እንኳ ብስክሌት ላይ ወጥቼ እንደማላውቅ ትዝ አለኝ፡፡

የጎልማሳ ጀማሪ ትልቁ ጠላት ዳገት አይደለም፤ እፍረት ነው፡፡ ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ብሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለኝ፤ በእነዚያ ሜዳማ ከተሞች ብስክሌት የሚነዳ ትልቅ ሰው ማንንም አያስገርምም፡፡ በእኛ ዘንድ ግን ከረባት ያሰረ ሰው ብስክሌት ላይ ሲታይ፣ ወይ መኪናው ተበላሽቶበታል ወይ አእምሮው ይባላል፡፡ እፍረት ደግሞ መጥፎ አማካሪ ነው፡፡ «መሳቂያ ከምሆን እንደ እውነተኛ ጋላቢ ልምሰል» ብሎ ያስገዛኛል ብዬ አልጠረጠርሁም ነበር፤ አስገዛኝ፡፡

አዲስ አበባ ሄጄ ብዙዎች በጣልያንኛ ስሙ «ኮርሳ» የሚሉትን፣ ከውጭ ያገለገለ ሆኖ የገባ የእሽቅድምድም ብስክሌት ገዛሁ፡፡ ቀይ ነው፤ ያበራል፡፡ በአንድ እጅ ሲያነሡት ይነሣል፡፡ ሻጩም ይህን ቅለት እንጂ ሌላ አላወራልኝም፤ እኔም ሌላ አልጠየቅሁም፡፡ አውቶቡሱ ፖርቶ መጋላ ላይ አሳስሬ፣ ፌርማታ በደረስን ቁጥር እየወረድሁ ገመዱን እየፈተሽሁ፣ እንደ ሙሽራ አጅቤ ጎባ አስገባሁት፡፡

*

እውነቱን ልናገር፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ተደስቻለሁ፡፡ ጎባንና ሮቤን የሚያገናኘው 14 ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት ለእንዲህ ዓይነቱ ብስክሌት የተሠራ ይመስላል፡፡ ጎባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ፣ ሮቤ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ ወደ ሮቤ መሄጃው ዘንበል ያለ ቁልቁለት፣ ወደ ጎባ መመለሻው ትዕግሥተኛ ዳገት ነው፡፡ ጠዋት ስንዴውና ገብሱ ጤዛ ለብሶ ሳለ በዚያ መንገድ መውረድን የሚተካከል ደስታ ብዙ አላውቅም፡፡ ጎማው ይዘምራል፤ ነፋሱ ጆሮ ላይ ያፏጫል፤ አርባ አንድ ዓመት የተከመረው ነገር ከትከሻ ላይ እየተነሣ ይሄዳል፡፡ የእሽቅድምድም ብስክሌት በተሠራለት መንገድ ላይ ሲሆን እንከን አይወጣለትም፡፡ የምሟገተው ከእርሱ ጋር አይደለም፡፡

የምሟገተው ከራሴ ጋር ነው፡፡ የእኔ ምኞት ሮቤ አልነበረችማ፡፡ የእኔ ምኞት ሪራ ነበረች፡፡

ሪራ ከሳነቴ አምባ ማዶ፣ ከሐረና ደን አናት ላይ የተቀመጠች መንደር ናት፡፡ ለዓመታት በመኪና አልፌባታለሁ፤ ለዓመታትም ተኝቼ አልፌባታለሁ፡፡ ዓይኔን ስገልጥ ቀርከሃ፣ ጉም፣ ዛፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎ፣ ከዚያ ደግሞ እንቅልፍ፡፡ ከዚያ አካባቢ የመጡ ተማሪዎቼ ስለ ማሩና ስለ ደኑ ሲያወሩ፣ መምህራቸው በመንደራቸው ተኝቶ እንደሚያልፍ መናገር ያሳፍረኝ ነበር፡፡ አንድ ቀን ነቅቼ፣ በገዛ እግሬ ኃይል፣ እያንዳንዷን ኩርባ እያየሁ ሪራ ልደርስ ተመኘሁ፡፡ ብስክሌት የገዛሁት ለዚህ ነበር፡፡ ሱቁ ውስጥ ግን ይህን መንገድ ረሳሁት፤ ቀዩ ቀለም አስረሳኝ፡፡

ከጎባ ወደ ሪራ የሚወስደው መንገድ በኪሎ ሜትር ሲቆጥሩት አያስፈራም፡፡ የሚያስፈራው በከፍታ ሲቆጥሩት ነው፡፡ ከጎባ ወጥቶ በጽድና በኮሶ መካከል ይወጣል፤ ቀጥሎ አስታው ይመጣል፤ ከዚያ ዛፍ የሚባል ነገር ቀርቶ ጅብራ ብቻውን እንደ ዘብ የቆመበት የሳነቴ አምባ ይዘረጋል፡፡ አምባው በ4,000 ሜትር አካባቢ የተንጣለለ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ የሚባለው ጉብታው 4,377 ሜትር ይደርሳል፡፡ መንገዱ በአፍሪካ ካሉት ከፍተኛ የመኪና መንገዶች አንዱ ነው፡፡ በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከመቶ 60 ያህሉ ብቻ ስለሆነ፣ ሰው የሚስበው እያንዳንዱ ትንፋሽ ጎዶሎ ነው፡፡ ከአምባው ደቡባዊ ጫፍ ደግሞ መንገዱ ወደ ሐረና ደን በጠመዝማዛ ይወረወራል፤ እየዞረ፣ እየተጠማዘዘ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል፡፡ ሪራ ያለችው እዚያ ነው፡፡

በቀዩ ብስክሌት የሄድሁ ዕለት ከጎባ ወጥቼ ብዙ ሳልርቅ ወረድሁና መግፋት ጀመርሁ፡፡ ገፋሁ፡፡ በልጅነቴ የሌሎችን ብስክሌት እንደገፋሁ፣ በጎልማሳነቴ የራሴን ገፋሁ፡፡ አስታው ውስጥ በፈረስ የሚመጡ አንድ ሽማግሌ አገኙኝ፡፡ ፈረሳቸውን ገታ አድርገው እኔንም ብስክሌቱንም ረጋ ብለው ተመለከቱ፡፡ በባሌ አነጋገር በታሸ አማርኛ፣ «ልጄ፣ አንተ ነህ እሱን የምታደርሰው፣ እሱ ነው አንተን?» አሉኝ፡፡ መልስ አልነበረኝም፡፡ «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» እያልን ስንተርት ኖረናል፤ የእኔው ግን አላደረሰም፤ ይልቁንም እኔው አድራሽ ሆንሁ፡፡

የመንገዱ ጠጠር ደግሞ የራሱን ፍርድ ሰጠ፡፡ ቀጭኑ ጎማ ስለታም ድንጋይ ሲመታ፣ ከመነዳሪው በድንጋዩና በቸርኬው መካከል ተቆንጥጦ፣ እባብ እንደነደፈው ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ አወጣ፡፡ የያዝሁትን አንድ መለዋወጫ ቀየርሁ፤ እርሱም ሩብ ሰዓት ሳይቆይ እንደ ወንድሙ ሞተ፡፡ በአይሱዙ ተጭኜ ጎባ ተመለስሁ፡፡ ጎሚስታው ጋ ስደርስ የመጨረሻው ውርደት ጠበቀኝ፤ የከመነዳሪዬ ቫልቭ እንደ እርሳስ ጫፍ የቀጠነ ስለነበረ የእርሱ የአየር መሙያ አልገጥም አለ፡፡ መኪናውንም፣ ባጃጁንም፣ የገበሬውንም ጋሪ የሚነፋው ያ ሰው የእኔን ጎማ መንፋት አልቻለም፡፡

*

እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው? ሻጩን መውቀስ ቀላል ነበር፡፡ ዳሩ ግን ሻጩ የሸጠልኝ የፈለግሁትን ነው፡፡ መጠየቅ ያለበት «ለምን ይህን ፈለግሁ?» የሚለው ነው፡፡

ብስክሌት ሲባል በአእምሯችን የሚመጣው ምስል የውድድር ምስል ነው፡፡ ምክንያቱም የሚያኮራው ታሪካችን እዚያ ላይ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1956 ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ፣ ሜልቦርን ከላከቻቸው ስፖርተኞች መካከል ብስክሌተኞች ነበሩ፤ ገረመው ደንቦባ ከእነርሱ አንዱ ነው፡፡ አበበ ቢቂላ በሮም ከመሮጡ አራት ዓመት በፊት ማለት ነው፡፡ ከስድሳ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ የመቀሌው ጽጋቡ ግርማይ በቱር ዴ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ፡፡ ጎረቤታችን ኤርትራዊው ቢኒያም ግርማይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 በዚያው ውድድር ሦስት ዕለታዊ ድሎችን ተቀዳጅቶ አረንጓዴውን ማልያ ለብሷል፡፡ እነዚህን ሰዎች ያየ ዓይን ቀጭኑን ብስክሌት ቢመኝ አይፈረድበትም፡፡

የምንረሳው ግን አለ፡፡ እነርሱ የሚጋልቡት በተመረጠላቸው መንገድ ላይ ነው፤ መካኒኩ፣ መለዋወጫውና ተተኪ ብስክሌቱ በመኪና ተጭኖ ከኋላቸው ይከተላቸዋል፡፡ ደግሞም ብስክሌታቸውን ለመንገዱ ሲሉ ይቀያይሩታል፡፡ በ2000ዎቹ ዓመታት ተወዳዳሪዎቹ ይመርጡት የነበረው ጎማ 23 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ነበር፤ ዛሬ 28 እና ከዚያም በላይ የሆነውን ይጠቀማሉ፡፡ ሸካራ መንገድ ላይ ሰፋ ብሎ አየሩ መጠነኛ የሆነ ጎማ እየነጠረ ጉልበት ከሚያባክነው ቀጭን ጎማ እንደማይዘገይ ተገንዝበዋልና፡፡ ታዋቂዎቹ ትተውት የሄዱትን ቀጭን ጎማ እኔ ጎባ ላይ አጥብቄ ይዤ ቀረሁ፡፡ ሥነ ጽሑፍ ለምትወዱ ይህ እንግዳ አይሆንባችሁም፤ ጀማሪ ገጣሚም እንዲሁ ነው፤ የታላላቆቹን ልብስ ለብሶ ይወጣል፤ የሚጽፈው ስለ ራሱ መንደር መሆኑን የሚያውቀው ቆይቶ ነው፡፡

*

እነሆ እንግዲህ፣ ከፈረስ ገዢው ሽማግሌ በተማርሁት ቅደም ተከተል ምርጫውን ላስቀምጥ፡፡

በመጀመሪያ ሰኮናውን እዩ፡፡ የብስክሌት ሰኮናው ጎማው ነው፡፡ መንገዳችሁ ጥርት ያለ አስፋልት ብቻ ከሆነ 28 ሚሊ ሜትር ይበቃችኋል፡፡ አስፋልቱ ጉድጓድ የበዛበት፣ አልፎ አልፎም ወደ ጠጠር የሚወጣ ከሆነ ከ32 እስከ 40 ያስፈልጋችኋል፡፡ እንደ ሪራው ዓይነት ድንጋያማ ዳገት ከሆነ ደግሞ 50 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነውን የተራራ ብስክሌት ጎማ አትናቁ፡፡ በዚህ ላይ አንድ ነገር አረጋግጡ፤ የብስክሌቱ ሹካና የኋላ አጽሙ ከተገጠመለት ሰፋ ያለ ጎማ ያስገባ እንደሆነ በጣታችሁ ለኩ፡፡ የእኔው ቀይ ብስክሌት ለ25 እንኳ ቦታ አልነበረውም፤ ስህተቴን ላርም ብል እንኳ በር ዘግቶብኝ ነበር፡፡

ሁለተኛ ትንፋሹን እዩ፡፡ የብስክሌት ትንፋሽ ማርሹ ነው፡፡ ጀማሪ ሰው «ስንት ማርሽ አለው?» ብሎ ይጠይቃል፤ መጠየቅ ያለበት «ቀላሉ ማርሽ ምን ያህል ቀላል ነው?» ብሎ ነው፡፡ ሒሳቡ የሚያስቸግር አይደለም፡፡ የፊተኛውን ትንሹን ጥርስ በኋለኛው ትልቁ ጥርስ ቁጥር አካፍሉ፡፡ የእኔው ከፊት 39፣ ከኋላ 25 ጥርስ ነበረው፡፡ ይህ ማለት ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር ብስክሌቱ 3.3 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ለሜዳ መልካም፣ ለሳነቴ ዳገት ግን የጎረምሳ ጉልበት የሚጠይቅ፡፡ ዛሬ ለጀማሪ የሚስማሙ የመንገድ ብስክሌቶች ከፊት 34፣ ከኋላም 34 ሲኖራቸው፣ አንዱ ዙር 2.1 ሜትር ብቻ ይገፋል፡፡ ከፊት 22፣ ከኋላ 34 ያለው የተራራ ብስክሌት ደግሞ 1.3 ሜትር ያህል፡፡ በቀጭን አየር ውስጥ ይህች ልዩነት በመጋለብና በመግፋት መካከል ያለችው ልዩነት ናት፡፡ «ቀላል ማርሽ ለደካማ ነው» የሚላችሁን ሰው አምባው ላይ አግኙትና ጠይቁት፡፡

ሦስተኛ ኮርቻውን ለኩ፡፡ ብስክሌት እንደ ጫማ በልክ ነው፤ ሰፊ ጫማ በካልሲ ይሞላል፣ ሰፊ ብስክሌት ግን በምንም አይሞላም፡፡ ብስክሌቱን በሁለት እግራችሁ መካከል አድርጋችሁ ስትቆሙ አግዳሚው ብረት ሳይነካችሁ ጥቂት ጣት ቦታ ይቅር፡፡ ኮርቻው ላይ ተቀምጣችሁ ተረከዛችሁን ታች በደረሰው ፔዳል ላይ ስታሳርፉ እግራችሁ ቀጥ ይበል፤ ያኔ በእግራችሁ ጣት ሥር ስትነዱ ጉልበታችሁ በመጠኑ ይታጠፋል፡፡ ቁጥር የሚወድ ሰው የእግሩን ውስጠኛ ርዝመት በ0.883 ያባዛ፤ 80 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ከፔዳሉ እምብርት እስከ ኮርቻው አናት 70 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል፡፡ ጎልማሳ ሰው ወገቡ እንደ ልጅ አይታጠፍምና መሪው ከኮርቻው እጅግ ዝቅ ያለ ብስክሌት አይግዛ፡፡ ክብር በመጎንበስ አይለካም፡፡

አራተኛ ልጓሙን ፈትኑ፡፡ ስለ መውጣት ብዙ ይወራል፤ ሰው የሚሞተው ግን ሲወርድ ነው፡፡ ከሳነቴ ጫፍ ወደ ሪራ በሚወስደው ቁልቁለት ፍሬን ያለ እረፍት ተይዞ ከተወረደ፣ ቸርኬውን የሚጨብጠው ዓይነት ፍሬን ቸርኬውን አግሎ ጎማ እስከማፈንዳት ይደርሳል፡፡ የዲስክ ፍሬን ይመረጣል፤ በዘይት ሳይሆን በሽቦ የሚሠራው ቢሆን ደግሞ ለእኛ ይሻላል፤ ሽቦ ሮቤም ጎባም ይገኛልና፡፡ የትኛውም ቢሆን ግን እየያዙ እየለቀቁ፣ ሲግልም ቆም እያሉ ማቀዝቀዝ የጋላቢው ፈንታ ነው፡፡

አምስተኛ መኖውን ጠይቁ፡፡ ገበሬ ሣር በሌለበት አገር ፈረስ አያስርም፡፡ እናንተም መለዋወጫው በከተማችሁ የማይገኝ ብስክሌት አትግዙ፡፡ ከመግዛታችሁ በፊት ወደ ሠፈራችሁ ብስክሌት ጠጋኝ ሄዳችሁ «የትኛውን ከመነዳሪ ታስገባለህ? የትኛውን ካቴና?» ብላችሁ ጠይቁት፡፡ ከመነዳሪያችሁ እንደ መኪና ጎማ ያለ ወፍራም ቫልቭ ካለው ማንኛውም ጎሚስታ ይነፋላችኋል፡፡ የብረት አጽም ቢሰበር ብየዳ ቤት ሊያቆመው ይችላል፤ ካርቦን ቢሰነጠቅ ግን ማንም ብየዳ አያድነውም፡፡ እንግዲህ በአንድ እጅ የማንሣት ደስታ ይህን ሁሉ ያህላል ወይ? እኛ ብስክሌት የምንገዛው ልናነሣው አይደለም፤ ሊያነሣን ነው እንጂ፡፡

ቀለሙስ? ይህን ሁሉ ካያችሁ በኋላ፣ ቀዩን ምረጡ፡፡ እኔ አልቃወምም፡፡

*

ይህን ሐሳቤን ለወዳጆቼ ስነግራቸው ሁለት ተቃውሞ ይገጥመኛል፡፡

አንደኛው «ወደፊት የምታድግበትን ግዛ፤ ዛሬ ብትቸገርም ነገ ጉልበትህ ይደርስበታል» ይላል፡፡ መልካም ምክር ይመስላል፡፡ ለአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ እውነትም ሊሆን ይችላል፡፡ የጎልማሳ ጀማሪ ዕጣ ግን ሌላ ነው፤ እርሱ ነገ የሚያድግበትን ብስክሌት ገዝቶ ዛሬ ከተሰቃየበት፣ ነገ የሚባለው ሳይመጣ ብስክሌቱ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፡፡ በብዙ ቤት በረንዳ ላይ አቧራ የጠጡ ውብ ብስክሌቶች አይቻለሁ፡፡ የባለቤቶቻቸው ጉልበት አልነበረም ያነሰው፡፡ የመጀመሪያው ወር ደስታ ስላልነበረው ሁለተኛው ወር አልመጣም እንጂ፡፡

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ያሳስበኛል፡፡ «ስለዚህ የእኛ ሰው ዘወትር ርካሹንና ከባዱን ይንዳ ነው የምትለው? ውብ ነገር ለሌሎች ነው?» ይላል፡፡ አይደለም፡፡ ቀዩን ብስክሌቴን የገዛኝ አንድ የሮቤ ወጣት ነው፡፡ ጠዋት ጠዋት ከጎባ ወደ ሮቤ ስሄድ በአጠገቤ እንደ ወፍ ሽው ብሎ ያልፈኛል፡፡ ያ ብስክሌት በእርሱ እጅ አንድም እንከን የለውም፤ መንገዱም ጉልበቱም የእርሱ ነው፡፡ ከመጣበት ጊዜ ጀምሮ እርሱን ሲጠብቅ የኖረ ይመስላል፡፡ ውብ ነገር ለእኛም ነው፡፡ ግን ውበት ከመገጣጠም ይወለዳል፤ ሰው፣ ብስክሌትና መንገድ ሲገጣጠሙ፡፡

በእርሱ ብር እኔ ያገለገለ የተራራ ብስክሌት ገዛሁ፡፡ አመድማ ነው፤ የብረት አጽም፣ ሰፊ ጎማ፣ ቀላል ማርሽ፡፡ ስገዛው ጎንበስ ብዬ ጎማውን በአውራ ጣቴ ጫን ጫን አደረግሁ፡፡ ሻጩ ሳቀ፤ እኔ ግን የምሠራውን አውቅ ነበር፡፡

*

ሪራ የደረስሁት በዚያ ብስክሌት ነው፡፡ አስቀድሜ ሐኪሙ ዘንድ ሄጄ ግፊቴን አስለካሁ፤ ግፊት ያለበት ሰው ሳይመረመር 4,000 ሜትር ላይ ሊታገል አይገባውምና፡፡ ከጎባ ማለዳ ወጣሁ፡፡ አልፈጠንሁም፡፡ በእግሩ የሚሄድ ሰው ብዙም አይቀድመኝም፣ ብዙም አልቀድመውም ነበር፡፡ ሲደክመኝ ቆምሁ፤ ሲበርደኝ ጋቢዬን ደረብሁ፡፡ አምባው ላይ ከመንገዱ ፈንጠር ብሎ ቀይ ቀበሮ አይጥ ሲያደባ አየሁ፡፡ በዓለም ላይ የቀሩት ጎልማሶቹ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ የሚበልጡት በባሌ ተራሮች ናቸው፡፡ በመኪና ለዓመታት ባለፍሁበት ቦታ እርሱን አይቼ አላውቅም ነበር፡፡ አንዱ እግሬን መሬት አስረግጬ፣ ትንፋሼን ይዤ ተመለከትሁት፡፡ እርሱ ጉዳዩን ቀጠለ፡፡ ቀስ የሚል ሰው ለቀበሮ ሥጋት አይደለም፤ የሚያስፈራው የሚበርር መኪና ነው፡፡

ከዚያ ቁልቁለቱ መጣ፡፡ ፍሬን እየያዝሁ እየለቀቅሁ፣ በየኩርባው እየቆምሁ ወረድሁ፡፡ ቅዝቃዜው ከኋላዬ ቀረ፤ ጉሙ ተቀበለኝ፤ ከጉሙ ውስጥ ቀርከሃው ብቅ አለ፤ ከዛፉ ላይ ቀፎዎቹ ተንጠልጥለው ታዩኝ፡፡ ዓይኔ ተገልጦ ነበር፡፡ ለመጀመሪያ ጊዜ ሪራ ነቅቼ ገባሁ፡፡

መንደሩ ዳር ልጆች ከበቡኝ፡፡ አንደኛው «እኔ ልግፋው?» አለኝ፡፡ ልጅነቴ ፊቴ የቆመ መሰለኝ፡፡ «አይሆንም» አልሁት፤ «ና፣ ውጣበት፡፡ እኔ ልግፋህ፡፡» ኮርቻው ረዝሞበት እግሩ ፔዳሉ ላይ አልደረሰም ነበር፤ ቢሆንም ወጣ፤ እኔም እያለከለክሁ ገፋሁት፡፡ በዚያ ቀን ከነዳሁት ሁሉ የሚበልጠው ያ መቶ ሜትር ነበር፡፡

ወዳጄ ሆይ፣ በሠላሳህም በአምሳህም ብትሆን ዘግይተሃል አልልህም፡፡ ግን ሱቅ ከመግባትህ በፊት ዓይንህን ጨፍነህ አንድ መንገድ አስብ፤ እውነት የምትሄድበትን፣ ልብህ የሚያውቀውን፡፡ ወዴት እንደሚወስድ፣ ምን እንደተነጠፈበት፣ ምን ያህል እንደሚወጣና እንደሚወርድ አጥርተህ እየው፡፡ ከዚያ ግባና ጎንበስ በል፡፡ ሰኮናውን እይ፡፡